ሰጠች ወይስ ሸጠች?

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ሰው ስለራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ የሚሰማው ራሱ ነው ለማለት የተተረተ ነው። ዘንድሮ ግን ተረቱ ሌላ ትርጉም ሳይጨመርበት አልቀረም። እስቲ ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ረዳቱ «ሂሳብ!» ይላል፤ መልስ የለም። «ወራጅ አለ?» ይላል፤ ዝም። ግማሹ ተሳፋሪ ጆሮው ላይ የሰካውን ሰክቶ በየራሱ ዓለም ውስጥ ነው። ረዳቱ ትከሻ መነካካት ሲጀምር ነው ሰዉ ከእንቅልፉ እንደባነነ ቀና ቀና የሚለው።

ኤርፎን የሚያደርገውን ሁሉ ልወቅስ አይደለም የተነሳሁት። እኔም አንዱ ነኝ። የዛሬው ጉዳዬ ከኤርፎኑ ጀርባ ያለች ትንሽ ነገር ናት፤ ኢኳላይዘር። በቀደም አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ስልኩ ላይ አምስት ቋሚ መስመሮች ደርድሮ፣ አምስቱንም በጣቱ እየገፋ ጣሪያ አስነካቸው። ሁሉንም እኩል ከፍ ካደረግህማ ምኑን አስተካከልከው ወንድሜ? ድምፁን መጨመር እኮ ነው!

ለነገሩ የዕቃው ስም ራሱ ሥራውን ይናገራል። ኢኳላይዘር ማለት እኩል የሚያደርግ፣ የሚያስተካክል ማለት ነው። ስሙ ከስልክ መስመር ጋር የተያያዘ ነው። ረጅም ሽቦ ወፍራሙን ድምፅ አሳልፎ ቀጭኑን እየበላ ስለሚያስቀር፣ በወዲያኛው ጫፍ የተበላውን መልሶ ከቀረው ጋር ለማመጣጠን የተሠራ ነገር ነበር። ማሳመር ኋላ የመጣ ሥራ ነው። መጀመሪያ ዓላማው የጎደለውን መመለስ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

የሰው ጆሮ ደህና በሆነበት ዕድሜ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። ከበሮውና ቤዝ ጊታሩ ታች ናቸው። የሰው ድምፅ ወፍራሙ ክፍል መቶዎቹ ላይ ነው። ላይ ላዩ ላይ፣ ከሁለት ሦስት ሺህ ሄርዝ ወዲያ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይላቸው ድምፆች አሉ። የ«ሸ» ፉጨት ከ2,500 ሄርዝ አካባቢ ይጀምራል፤ የ«ሰ» ፉጨት ደግሞ ባመዛኙ ከ4,000 በላይ ነው። የድሮው ስልክ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ያለውን ብቻ ስለነበር ነው ስማችንን ስናስመዘግብ «በእሳቱ ሰ ነው፤ ሰ፣ እንደ ሰላም» እያልን ስንጮህ የኖርነው። «እሳቱ» ስንኳ እዚያ ቦታ ላይ የጠቀመው ነገር አልነበረም። ከዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው ጭራሽ «ሰ» የሚባል ነገር አልደረሰውማ!

ታዲያ ኤርፎን ለምን ማስተካከያ ያስፈልገዋል? ሳሎን ውስጥ ቴፕ ስንከፍት ድምፁ ግድግዳውን፣ ኮርኒሱን፣ ሶፋውን እየነካ፣ የጆሯችንን ቅርጽ ዞሮ ነው የሚገባው። የጆሯችን ቀዳዳ ራሱ ወደ 3,000 ሄርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ በተፈጥሮው ከፍ ያደርገዋል። ኤርፎን ስንሰካ ግን ቀዳዳውን ደፈንነው፤ ያ የተፈጥሮ ጭማሪ ተዛባ። አምራቹ ይህንን ለማካካስ የራሱን ግምት ይሰጣል። የእሱ ግምት ከእናንተ ጆሮ ጋር ሊገጥምም ላይገጥምም ይችላል። ባዛር ላይ የተገዛ ርካሽ ኤርፎን ደግሞ ባሱን አብዝቶ ሌላውን ይረሳል፤ በርበሬ እንጂ ሽንኩርት የሌለው ወጥ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ሁለት የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ጆሯችን ድምፅ ዝቅ ሲል ጎርናናውን ከመሐለኛው ይልቅ ቶሎ እንደሚያጣው አሳይተዋል። የድሮ ዴኮች ላይ «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ የነበረው ለዚሁ ነው። ሰዉ ይህን ሳያውቅ ምን ያደርጋል? ባሱ እንዲሰማው ብሎ ጠቅላላ ድምፁን ይጨምራል። ባሱ መጣለት፤ ከባሱ ጋር ሌላውም ሁሉ ጆሮውን ሊበሳው መጣ።

በዲጂታል ፋይል ላይ ደግሞ ጣሪያ አለ። የተለመደው ባለ 16 ቢት ፋይል ድምፅን የሚጽፈው በቁጥር ሲሆን የመጨረሻው ትልቅ ቁጥር 32,767 ነው። ከዚያ በላይ ቁጥር የለም። አንድ ድምፅ 20,000 ላይ ቢሆንና እናንተ በኢኳላይዘሩ 6 ዲሲቤል ብትጨምሩለት እጥፍ ይሆንና 40,000 ልሁን ይላል። ቦታ የለም! አናቱ ተቆርጦ ይቀራል። ያ «ክርር» የሚለው፣ የተቀደደ ስፒከር የሚመስለው ድምፅ ብዙ ጊዜ የኤርፎኑ ጥፋት አይደለም፤ ጣሪያ የመታ ድምፅ ነው። ስለዚህ የሙያው ሰዎች የሚሉት ቀላል ነው። የፈለግኸውን ከመጨመርህ በፊት የበዛብህን ቀንስ፤ መጨመር ግድ ከሆነም በጨመርከው ልክ «ፕሪአምፕ» የሚለውን ዝቅ አድርግ። ግን ማን ነው ለመቀነስ ፈቃደኛ? በስብሰባም፣ በሠርግ ቤትም፣ በቴሌቪዥን ክርክርም ሁሉም የራሱን መስመር ወደ ላይ ይገፋል። በኋላ የሚሰማው ነገር «ክርር» ብቻ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ያወራሁት አንድ ካሴት ምክንያት ሆኖኝ ነው።

ለወጣቱ አንባቢ ላስረዳ። ስልክ ውድ በነበረበት፣ ደብዳቤ የሚያነበውና የሚጽፈው ሰው በየቤቱ በማይገኝበት ዘመን፣ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ድምፅን ካሴት ላይ ቀድቶ በሰው እጅ መላክ የተለመደ ነበር። ቤተሰቡ ቴፑን ከቦ ይቀመጣል። አንዱ «ቀይዋን ከጥቁሯ ጋር ተጫኚያት» ይላል። ከዚያ ሁሉም በየተራው እየተጠጋ ሰላምታውን ያዥጎደጉዳል። የሚያለቅሰው ያለቅሳል፤ ሕፃናቱ ይዘፍናሉ፤ ቡና ሲወቀጥ ይሰማል።

አክስቴም በ1978 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ካሴት ልካ ነበር። ትልቋ ልጇ በሱዳን በኩል ወጥታ አሜሪካ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። አክስቴ የምትተዳደረው በእግር በምትረገጥ የሲንጀር መኪና ልብስ እየሰፋች ነበር። በዚያ ካሴት ውስጥ ከሰላምታው በኋላ ስለ መኪናዋ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራለች። መኪናዬን ለጎረቤቴ «ልሰጣት ነው» ትላለች። በቤተሰባችን ሲወራ የኖረው እንደዚህ ነው። አክስቴ ለጋስ ነበረች፤ ማንም ሰው አልተጠራጠረም። ከሦስት ዓመት በኋላ አረፈች።

ያልተጠራጠረችው፣ ግን ያልዋጠላት አንዲት ሰው ነበረች፤ ታናሿ ልጇ። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አድጋ እሷም ልብስ ሰፊ ሆነች፤ ለረጅም ዓመታት የሰፋችውም በሰው መኪና፣ በቀን ሒሳብ እየከፈለች ነው። «እናቴ ለእኔ ሳታስብ ለባዳ ሰጠች» የምትለውን ንግግር ከአንድም ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ጮክ ብላ አትናገረውም፤ ክር በጥርሷ እየበጠሰች፣ ሌላ ወሬ መሐል ጣል ታደርገዋለች። እህትማማቾቹ መሐል የገባች ትንሽ ቅዝቃዜም ነበረች፤ ምክንያቷን ግን ማንም አይጠቅሳትም። ጎረቤቲቱ ከሰፈሩ ከለቀቀች ቆይታለች፤ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ካሴቱስ? ትልቋ ካሴቱ እንዳይበጠስባት ፈርታ በደረሳት ሰሞን ቀድታው ነበር፤ ስታዳምጥ የኖረችው ቅጂውን ነው። ቅጂው ሲያረጅም ከቅጂው ሌላ ቅጂ ወሰደች። ካሴት በተቀዳ ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ የሚለቀው ላይኛው ቀጭን ድምፅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሜሪላንድ የተወለደው ልጇ የመጨረሻውን ቅጂ ወደ ኤምፒስሪ ለወጠው። (ፋይሉ ይህን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ ጆሮ ልብ አይለውም የተባለውን ድምፅ እየጣለ ቦታ የሚቆጥብ ዘዴ ነው።) ልጁ በደግ ልብ ኮሽታውን በሶፍትዌር አጸዳው፣ ለኤርፎን እንዲሞቅ ባሱን ጨመረበትና ለዘመድ ሁሉ በቴሌግራም አደለ። አክስቴ ወፍራም፣ ደስ የሚል የሬዲዮ ድምፅ ይዛ መጣች። «ልሰጣት ነው» አለች። ቢያንስ እንደዚያ ሰማን።

እኔ ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው፤ በቋንቋ ሰበብ ከፊደል ጋር መነታረክ ልማዴ ነው። «ልሰጣት» እና «ልሸጣት» በአፍ ሲነገሩ ልዩነታቸው አንዲት ፉጨት ናት። «ሰጠ» እና «ሸጠ» ሲሆኑ «ጠ» በአንዱ ስለሚጠብቅና በሌላው ስለሚላላ ጆሮ ሌላ መለያ ያገኛል። «ሰጠሁ» እና «ሸጥኩ» ሲሆኑም እንደዚያው። በ«ልሰጣት» እና በ«ልሸጣት» ጊዜ ግን «ሰ»ን ከ«ሸ» የሚለይልን ከላይ ያልኳችሁ ያ ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው። ቅጂ የበላው፣ ኤምፒስሪ የጨመቀው፣ «ማጽጃው» የጠረገው ደግሞ እሱኑ ነው። የተበላውን ማን ሞላው? ጆሯችን። ለጋስ ናት ብለን ስለምናምን «ሰ» አድርገን ሰማነው።

ባለፈው ዓመት ትልቋ አዲስ አበባ ስትመጣ ዋናውን ካሴት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጠቅልላ ይዛው መጣች። እኔም የማውቃቸው አንድ አረጋዊ የቴፕ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድነው። እሳቸው ካሴቱን ከመክተታቸው በፊት በአልኮል በተነከረ ጥጥ የቴፑን ጭንቅላት ጠረጉ። ከዚያ አጫወቱትና ከጭንቅላቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀጭን መፍቻ፣ በፀጉር ልክ፣ ወዲያና ወዲህ ማዞር ጀመሩ። «መምህር፣ ጭንቅላቱ ከተቀዳበት ትንሽ ካዘመመ ቀጭኑ ድምፅ አይመጣም» አሉኝ። አዞሩ፣ አዞሩና አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ብርድ ልብስ እንደተገፈፈለት ሰው ብድግ አለ። ሙቀጫው መጣ። ዶሮው መጣ። ከውጭ «ቆራሌው!» የሚል ሰው ሲያልፍ ተሰማ። ትልቋ «ይኸው ቤታችን!» አለች። ልጇ ኮሽታ ብሎ የጠረገው ይሄን ነበር።

እንደወረደ፣ ሳይጨመቅ ወደ ኮምፒዩተር አስገባነው። ኢኳላይዘር የነካነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም በጥቂቱ። ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን የቴፑን ሞተር ጉርምርምታ ቀነስን። የአገራችን መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ እሱ ላይና በእጥፉ 100 ላይ የምትጮኸውን «ሁምም» አለዘብን። 300 አካባቢ የታፈነውን ትንሽ ዝቅ፣ ከ3,000 እስከ 6,000 ያለውን ሦስት ዲሲቤል ያህል ከፍ አደረግን። በኤርፎን አዳመጥን።

«ልሸጣት ነው» ትላለች።

እዚህ ላይ አንባቢ «ቆይ እንጂ!» ሊለኝ ይገባል። የካሴት ኮሽታ ራሱ «ሽሽሽ» አይደል እንዴ? ላይኛውን ድምፅ ከፍ ስታደርጉ «ሰ»ውን «ሸ» አድርጋችሁት ቢሆንስ? ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛም ጠይቀነዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ኢኳላይዘሩን አጥፍተን ሰማነው። ቀጥለን አክስቴ በዚያው ካሴት ላይ የተናገረቻቸውን፣ የማያጠራጥሩትን ቃላት ለቀምን፤ «ሰላም»፣ «ሰኔ»፣ «ሽማግሌ»፣ «ሻይ»። በኮምፒዩተሩ ሥዕል ላይ «ሻይ» ያለችበት ፉጨት ዝቅ ካለ ቦታ ይነሳል፤ «ሰኔ» ያለችበት ከፍ ካለ ቦታ። የመኪናዋ ቃል «ሻይ» ጎን ነው የተቀመጠው። በኤምፒስሪው ላይ ያንኑ ብንሞክር ግን ምንም አላገኘንም። ኢኳላይዘር የቀረውን ያመጣጥናል እንጂ የጠፋውን አይወልድም። ባዶ ማሰሮ ብታማስሉት የሚሰማው የማማሰያው ድምፅ ነው።

ታናሿ ኤርፎኑን ተቀብላ ሦስት ጊዜ ሰማችው። አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና «ስንት ሸጠቻት ይሆን?» አለች። የባለሙያ ጥያቄ ነው። ማንም መልስ አልነበረውም። ለምን እንደሸጠቻትም ካሴቱ አይናገርም። ትልቋ ግን በሱዳን መንገድ ለመሄድ በዚያ ዘመን ምን ያህል ገንዘብ ይጠይቅ እንደነበርና እናቷ ያንን ከማን ሊበደሩ እንደሚችሉ ከእኛ በላይ ታውቃለች። ለረጅም ጊዜ እጇን እህቷ ጉልበት ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሌላ የተባለ ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ «ድምፅ ማጽዳት» የሚል ነገር ስሰማ እጠራጠራለሁ። ኮሽታ ማለት ምን ማለት ነው? በገናን ውሰዱ። አሥር አውታር አለው፤ በየአውታሩና በመቀመጫው መካከል የሚገቡት ትናንሽ ቁርጥራጭ ቆዳዎች፣ እንዚራዎቹ፣ አውታሩ ሲነካ ያንን የሚነዝር፣ ንብ የሚመስል ድምፅ ይሰጡታል። በገናን በገና የሚያሰኘው እሱ ነው። ኮሽታ ማጥፊያ ሶፍትዌር ጋ ብትወስዱት ግን ንዝረቱን ከቆሻሻ ሊቆጥረው ይችላል። በስልካችሁ ላይ «ሮክ»፣ «ጃዝ»፣ «ፖፕ» ተብለው ተዘጋጅተው የመጡት ማስተካከያዎች ውስጥ «በገና» የሚል አይቼ አላውቅም። «እናቴ» የሚልም የለም። ያንን ራሳችን በጆሯችን እየሰማን ማድረግ አለብን።

በጆሯችን ካልን ዘንዳ… ጆሮው ይኖረናል ወይ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መግለጫ ከ12 እስከ 35 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች ከአንድ ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት በከፍተኛ ድምፅ ሙዚቃ በማዳመጥ ምክንያት የመስማት ችሎታቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ድርጅቱ ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዲሲቤል ነው። ሦስት ዲሲቤል በጨመራችሁ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ83 ሃያ ሰዓት፣ በ86 አሥር፣ በ89 አምስት ሰዓት በሳምንት። በታክሲ ሥራ ደርሶ መልስ የሚያልቅ ሰዓት ነው።

ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሶች አንዴ ከሞቱ አይተኩም። በጩኸት ቀድሞ የሚጎዳው ደግሞ 4,000 ሄርዝ አካባቢ ያለው መስማታችን ነው። የ«ሰ» ሰፈር! ዕድሜም የሚበላው ከላይ ጀምሮ ነው። አረጋውያን «ድምፅህ ይሰማኛል፤ የምትለው ግን አይገባኝም» የሚሉት ለዚህ ነው። ዛሬ አምስቱንም መስመር ጣሪያ የሚያስነካው ወጣት እንደ እኔ ሃምሳዎቹ ውስጥ ሲገባ ልጁ አጠገቡ ቁጭ ብሎ «አባዬ፣ መኪናዬን ልሸጣት ነው» ቢለው «ለማን ነው የምትሰጣት?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ያኔ በብስኩት ቆርቆሮ የተቀመጠ ዋና ጆሮ አይገኝም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ኤርፎን ስታደርጉ መጀመሪያ ድምፁን ቀንሱ፤ ከዚያ የጎደለ የመሰላችሁን መስመር ብቻ በሁለት ሦስት ዲሲቤል አንሱ፤ በልኩም ፕሪአምፑን ዝቅ አድርጉ። በደንብ የተስተካከለ ድምፅ ዝቅ ብሎም ይሰማል። የአካባቢው ጩኸት ካስቸገራችሁ ደግሞ ጆሮን በደንብ የሚገጥም ኤርፎን ፈልጉ፤ ጩኸትን በጩኸት አታሸንፉትም።

ቁም ሳጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር የአሮጌ ካሴት ካርቶን ያላችሁ ደግሞ አትጣሉት። ለማሳመርም አትቸኩሉ። ጭንቅላቱ በተጠረገ ቴፕ፣ ብሎኑ በተስተካከለ ቴፕ፣ ከነኮሽታው፣ ከነሙቀጫው፣ ከነዶሮው እንደወረደ ገልብጡትና ሁለት ቦታ አስቀምጡት። የምታስተካክሉት ቅጂውን ይሁን። በቤታችሁ ለዓመታት ሲወራ የኖረ አንድ ነገር በአንዲት ፉጨት ላይ ተንጠልጥሎ ይሆናል።